ያቺን ዓረፍተ ነገር አልልም

ይህ ነገር የደረሰብኝ በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ ነው። ሶዶ ከተማ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሌላው ሰው ገጠመኙን ሲያወራ ጅብ እንዴት እንደሳተው፣ ጎርፍ እንዴት ለጥቂት እንዳለፈው ያወራል። እኔ ደግሞ አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አልልም ብዬ ከትምህርት ቤት ልባረር ነበር። የልጅ ልጆቼ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ይሳቁ! እኔ ግን ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ መልሶ ደግሞ ደስ ይለኛል።

በዚያ ዓመት፣ በቆሎ በሚሰበሰብበት ሰሞን፣ አባቴ ሞተ። ቤታችን ከሻንቶ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ጌታን የተቀበለ፣ እሑድ እሑድ ከፊተኛው ወንበር የማይጠፋ ሰው። በሆድ ሕመም ወድቆ ብዙም ሳይቆይ አለፈ።

በእኛ አገር የድሮው ለቅሶ ሜዳ ላይ ነው። ሐዘንተኛው ጋቢውን አገልድሞ፣ ቆሞ፣ የሟቹን ስም እየጠራና ሥራውን እያነሳ ያለቅሳል። ድምፁን የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይመጣና አብሮት ይቆማል። ሲያለቅስ የሰማኸውን ሰው ብቻውን መተው ትልቅ ነውር ነው። የእኛ መንደር አማኞች ግን ይህን ትተውት ነበር። መዝሙር ተዘምሮ፣ ጸሎት ተደርጎ ይቀበራል፤ በቃ። ጮኾ ማልቀስ የማያምን ሰው ነገር ነው ይባል ነበር።

እናቴ አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ገና አፏን ስትከፍት አጎቴ ዳና ፊቷ ተገተረ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነበር።

«አማኝ አይደለሽም እንዴ? ወንድሜ ከጌታ ጋር ነው። እንዳትጮኺ!» አላት።

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አጠፈችና ጎረሰችው። እስኪቀበር ድረስ እንደዚያው ነበረች። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰዎቹ ይዘምራሉ፣ እሷ ጨርቋን ነክሳ ታያለች። ያን ቀን አጎቴን በዓይኔ ልበላው ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ይኸው አጎቴ ሌላ ነገር አመጣ። በአረካ በኩል የሚያውቀው ሰው ለልጁ ሚስት ይፈልጋል። «አባቷ ከሞተ ማን ያስተምራታል? የተማረችውስ መች አነሳት? ትዳር ትያዝ» አለ። እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና እስክፈተን ብቻ ታገሠን አለችው።

«እሺ። ግን አንዲት ጥፋት አጠፋች የሚል ወሬ ብሰማ በማግሥቱ መጥቼ እወስዳታለሁ» አለ። እኔም ይህን ተሸክሜ ወደ ሶዶ ተመለስኩ።

ሶዶ የምኖረው እትዬ ወለላ ቤት ነበር። የጉራጌ ሴት ናቸው፤ ገበያ ላይ አቡጀዲና ሻሽ ይሸጣሉ። ወላይትኛን ከገበያተኛ ጋር ሲከራከሩ ነው የለመዱት፣ ስለዚህ በወላይትኛ ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ የሚጣሉ ነበር የሚመስሉት። ልባቸው ግን ቅቤ ነው።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መምህር ሰይፉ ይባል ነበር። ያኔ አንቱ ነበር የምንለው፤ አሁን ሳስበው ግን ራሱም ልጅ ነበር። ከአዲስ አበባ በቅርብ የመጣ፣ ጫማው ጭቃ ሲነካው የሚናደድ ሰው። ነገሩ በተፈጠረበት ዕለት ያስተማረን ብሬክ ዳውን የሚለውን ቃል ነው። መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሲቆም እንግሊዞቹ እንደዚህ ይላሉ አለን። ከዚያ እየተነሣን ከገዛ ኑሯችን የተወሰደ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር እንድንሠራበት አዘዘን።

የመጀመሪያው ልጅ ተነሣና «ዘ ሎሪ ብሮክ ዳውን አት አረካ» አለ። ሁለተኛው «ዘ ሎሪ ብሮክ ዳውን አት ሻንቶ» አለ። ሦስተኛው ካሚዮኑን ቤሌ ላይ አቆመው። ከዚያ በኋላማ በወላይታ መንገድ ላይ የቀረ መንደር የለም፤ በየወንዙና በየዳገቱ ካሚዮን ቆመ። ልጆቹ ደግሞ አልዋሹም። በዝናብ ጊዜ ያ መንገድ እንዴት እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ወይ ጉድ! እናንተ አገር ከካሚዮን ሌላ የሚበላሽ ነገር የለም?» አለ መምህር ሰይፉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ገና የዚያን ቀን መሳቄ ነበር።

እሱም ፈገግ ብሎ ጠመኔውን አነሣና ቃሉ ሌላም ፍች አለው አለ። ሰው ሲችል ሲችል ይቆይና በመጨረሻ አልችል ብሎት እንባው ሲዘረገፍ፣ ያንንም በዚሁ ቃል ነው የሚሉት አለ። ቦርዱ ላይ ጻፈው። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ጥቁር ለብሼ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ።

«አስቴር፣ ለዚህ እውነተኛ ምሳሌ ያለሽ አንቺ ነሽ። ተነሺና በይ። ማይ ፋዘር ዳይድ፣ ኤንድ ማይ ማዘር ብሮክ ዳውን።»

ለክፋት አልነበረም፣ ይህን እመሰክርለታለሁ። ካሚዮን ሰልችቶት ነው። ግን የሰው ሐዘን የቦርድ ማሟያ ነው እንዴ?

ተነሣሁ። «ማይ ፋዘር ዳይድ» አልኩ። እዚያ ላይ ቆምኩ።

«ቀጥይ» አለኝ።

«ማይ ማዘር ዲድ ኖት ብሬክ ዳውን።»

መምህር ሰይፉ ያልገባኝ መስሎት ደግሞ አስረዳኝ። ገብቶኛል አልኩት። «እንግዲያው ያልኩሽን በይ» አለ። አልልም አልኩ። በዚያ ዘመን አስተማሪን አልልም ማለት ምን እንደሆነ የዛሬ ልጅ አያውቀውም። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ቀሚሴን ይዛ ወደ ታች ትጎትተኛለች።

«ለምን አትይም?»

«ውሸት ስለሆነ።»

«እናትሽ ባሏ ሲሞት አላለቀሰችም?»

ምን ልበለው? አላለቀሰችም ብል ክፍሉ በሙሉ ጨካኝ ሊላት ነው። አለቀሰች ብል ዋሸሁ። አጎቴ አፏን አስዘጋት ብል የቤታችንን ገመና በአደባባይ ማውጣት ነው። እናቴ እንኳን እንደ ካሚዮን ልትበላሽ እንደ ሰው ልታለቅስም አልተፈቀደላትም። ይህንን በምን እንግሊዝኛ ልንገረው? ስለዚህ አልልም ብቻ አልኩ። እየደጋገምኩ አልልም አልኩ።

ውጭ ጠጠር ላይ አንበረከከኝ። ጉልበቴ ደማ። ሲደወል መጥቶ «አሁንስ?» አለኝ። «አልልም» አልኩት። ቀጥሎ ወደ ዳይሬክተሩ ወሰደኝ። ዳይሬክተሩም ወላጅ እስካመጣ ክፍል እንዳልገባ፣ ወላጅ ፊት ይቅርታ ጠይቄ ዓረፍተ ነገሩን ካላልኩ ደግሞ እንደምሰናበት ወሰኑ። እናቴ ስትጠራ አጎቴ ሳይሰማ እንደማይቀር አውቄያለሁ።

ማታ እትዬ ወለላ ጉልበቴን በሞቀ ውሃ እያጠቡልኝ ተቆጡ።

«አንዲት ቃል! በይና ተገላገይ! እኔ ገበያ ላይ በቀን ስንቱን ነው የምቀባጥረው? ከስሬ ነው የምሸጥልሽ እላለሁ፤ እውነት ከስሬ አውቃለሁ? ቃል ምን አለበት?»

«እናቴ ላይ አልልም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ! ለአንዲት ቃል ብለሽ ልትዳሪ ነው እኮ!»

አውቃለሁ አልኳቸው። ሳለቅስ አደርኩ። ግን እያለቀስኩም አልልም ነበር የምለው።

ወሬው በገበያተኞች በኩል ሻንቶ ደረሰ። ከገበያው ቀን በኋላ እናቴና አጎቴ ዳና አመሻሽ ላይ እትዬ ወለላ ቤት ከተፍ አሉ። ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ነው የመጡት። አጎቴ ሰላምም ሳይለኝ «ዕቃሽን ሰብስቢ። ነገ ይቅርታ ጠይቀሽ ወደ ቤት እንሄዳለን» አለኝ። እኔን እዚያ ትምህርት ቤት ለማስቆየት ሳይሆን ስሙን ለማጽዳት ነው ይቅርታ የፈለገው።

እናቴ ግን አልተቆጣችም። በኮባ የጠቀለለችውን ጎዳሬ ሰጥታኝ ስበላ ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። ፀጉሯን ተላጭታለች፤ ፊቷ ከስቶ ዓይኖቿ ብቻ ቀርተዋል። ከዚያ ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ዝም አለች። እትዬ ወለላ «ዝም አይነቅዝም» ብለው ወደ መኝታቸው ገቡ።

ጠዋት ትምህርት ቤት ሄድን። ዳይሬክተሩ ባንዲራው አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር አስቀመጡን። መምህር ሰይፉን አስጠሩት። እናቴ አማርኛ ስለማትችል እትዬ ወለላ አስተርጓሚ ሆነው ነበር የመጡት። አጎቴ አማርኛ ይሞክራል፤ ማንም ሳይጠይቀው ቀድሞ ተነሣና «ልጅ ጥፋተኛ ናት። ይቅርታ ይላል። እኛ ይወስዳል» አለ።

«ቆይ» አለች እናቴ በቋንቋችን። «ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ አስተማሪው ይንገረኝ።»

እትዬ ወለላ ተረጎሙ። መምህር ሰይፉ እንደ መደናገጥ አለ። ግን በትሕትና አስረዳት። ሰው ሐዘኑን ችሎ ችሎ ይቆይና አንድ ጊዜ ሲያቅተው፣ እንባው ሲያሸንፈው የሚባል ነው አለ። ለመኪናም እንደሚባል ነገራት።

«መኪና ሲበላሽ በሚሉት ነው ሰው ሲያለቅስም የሚሉት?»

«አዎ እናቴ። አነጋገር ነው እንጂ ለስድብ አይደለም።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ገባኝ ማለቷ ነው። ከዚያ እንዲህ አለች፤ እትዬ ወለላ ሲተረጉሙ ድምፃቸው እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ።

«ልጄ ትክክል ናት። እኔ አላለቀስኩም። ባሌ ሲቀበር ጨርቅ ነክሼ ነው የቆምኩት። ዝም በይ ብለውኝ ነው።» ወደ አጎቴ ዘወር አለች። «ልጄ ለእኔ ስትል ጠጠር ላይ ተንበርክካለች። አሁን አለቅሳለሁ። እዩኝ። ካያችሁ በኋላ ስሙን ራሳችሁ አውጡለት።»

ተነሣች። ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ አገለደመች። ነገሩ የገባው አጎቴ ዘሎ ክንዷን ያዘ።

«እብድ ሆንሽ? አማኝ ነሽ እኮ! የሰው ግቢ ውስጥ!»

«ጌታስ ለወዳጁ ሲያለቅስ ማን ዝም አሰኘው?» አለችው። ክንዷን አስለቀቀችና ወደ ሜዳው መሀል ሄደች።

እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእናቴ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። የአባቴን ስም ጠራች። እንዴት እንዳገባት፣ በረሃብ ጊዜ ለጎረቤት እንሰት እንዴት ነቅሎ እንደሰጠ፣ ሴት ልጁን እንዴት በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት እንዳደረሳት አንድ በአንድ እያነሳች አለቀሰች። አልወደቀችም፣ አፈር ላይ አልተንከባለለችም። ቀጥ ብላ ነው። እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ወዲያና ወዲህ እየሄደች ነው።

መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ዱላውን ጥሎ መጣና አጠገቧ ቆመ። ከዚያ የክፍሎቹ በሮች ተከፈቱ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ልጆቹ የወላይታ ልጆች ናቸው፣ ለቅሶ ሰምተው እንዴት ይቀመጣሉ? አስተማሪዎቹ «ወዴት?» ሲሉ ልጆቹ እየወጡ ነው። የካሚዮኑ ቀን ሲስቁ የነበሩት ሁሉ መጥተው በዙሪያዋ ቆሙ። ከግቢው አጥር ውጭ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ተቀበሏት። እኔ መቼ ተነሥቼ እናቴ ጎን እንደደረስኩ አላውቅም። ብቻ አባቴን ጠራሁት። በሙሉ ድምፄ ጠራሁት።

አጎቴ ዳና ዛፉ ሥር ብቻውን ቀርቶ ነበር። ጥርሱን ነክሶ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ። እየቆየ ግን ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ «ወንድሜ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አጎቴ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። ለካ እሱም ወንድሙን አላለቀሰውም። ለእሱም ያን ጊዜ አዘንኩለት፤ ጠልቼው ነበር፣ ግን አዘንኩለት።

እናቴ የምትለውን ብላ ስትጨርስ ለቅሶዋን አቆመች። ፊቷን በጋቢዋ ጫፍ ጠረገች። ዘበኛው ውሃ አመጣላትና ጠጣች። ከዚያ ረጋ ብላ ወደ መምህር ሰይፉ ሄደች። እትዬ ወለላ እያለቀሱ ስለነበር መተርጎም አቃታቸው፤ እኔ ተረጎምኩ።

«እንዴት ነኝ? ተበላሽቻለሁ?»

መምህር ሰይፉ ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። «የለም እናቴ» አላት።

«እንግዲያው ልጄን አስገባልኝ። ፀሐይ ሳይጠና መንገድ ልጀምር።»

መምህር ሰይፉ ዳይሬክተሩን አየ። ዳይሬክተሩም ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ስለ ይቅርታም ሆነ ስለ ዓረፍተ ነገሩ ማንም ትንፍሽ አላለም። እናቴ ወደ አጎቴ ዞራ፣ ያ ሁሉ ተማሪ እየሰማ፣ «ልጅቷ ትማራለች» አለችው። አጎቴ ባርኔጣውን አደረገና ከኋላዋ ተከትሏት ሄደ። የአረካውን ጋብቻ ከዚያ ወዲያ ሲያነሳው አልሰማሁም።

ነገሩ ግን በነጻ አልቀረም። ለቅሶው በቤተ ክርስቲያን ተሰማና እናቴን ለብዙ ወራት ከጌታ ራት አገዷት። እሑድ እሑድ መሄዷን አላቆመችም። ኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ አንገቷን ግን አልደፋችም። እገዳውን ሊያነሡላት ሲሉ ንስሐ ግቢ አሏት። «ስለ ሌላው ኃጢአቴ እገባለሁ፤ ስለ ባሌ ግን አልገባም» አለቻቸው። ደክሟቸው ተዉአት።

ፈተናውን አለፍኩ። ሰዎች ያ ቃል በፈተናው መጣ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። አልመጣም! በኋላ እኔም እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ብዙ ዓመት ቃሉን ከነፍቹ አስተምሬያለሁ። መምህር ሰይፉ በቋንቋው በኩል አልተሳሳተም፤ እንግሊዞቹ እንደዚያ ይላሉ። ይበሉ፤ ቋንቋቸው ነው። ተማሪ የገዛ እናቱን ቦርድ ላይ እንዲያወጣ ግን አንድ ቀንም አዝዤ አላውቅም።

እናቴ ዕድሜ ጠግባ ነው የሞተችው። በቀብሯ ዕለት ጋቢዬን አገለደምኩና ሜዳ ወጣሁ። በሙሉ ድምፄ ስሟን እየጠራሁ ሳለቅስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠጋ ብሎ ክንዴን ያዘ።

«ምነው አስቴር፣ የተማርሽ ሴት አይደለሽም? በርቺ እንጂ» አለኝ።

«በርትቼ ነው የማለቅሰው» አልኩት፤ እጁንም ከክንዴ ላይ አነሣሁት።